«ስቶፍ»፦ ስለ አንድ የእግር ማሞቂያ ስምና ስለ አተረጓጐሙ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ሆላንድ ሥዕል የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ ለክፍል ንባብ ስተረጉም «ስቶፍ» የሚለውን የደች ቃል «ምድጃ» ብዬ አለፍሁት። በማግሥቱ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እነዚህ ሴቶች እግራቸውን ምድጃ ላይ የሚያሳርፉት ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ስቶፍ ከእንጨት የምትሠራ ትንሽ ሣጥን ናት። ክዳኗ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የተበሳ ነው፤ አንዱ ጎኗ ክፍት ነው። በውስጧ የሸክላ ሳህን ይቀመጣል፤ በሳህኑም ላይ የከሰል ፍም፣ ወይም ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ ነዳጅ አፈር ፍም ይደረጋል። ተቀማጩ እግሩን በክዳኗ ላይ ያሳርፋል፤ ሴት ከሆነች ረጅሙ ቀሚሷ ሣጥኗን ሸፍኖ ሙቀቱን አምቆ ይይዝላታል። አብያተ ክርስቲያናት ማሞቂያ ባልነበራቸው ዘመን ለምእመናን ስቶፍ እያዘጋጁ የሚያቀርቡ ሴቶች ነበሩ፤ ሥራቸውም «ስቶፈንዘትስተር» የሚል የራሱ ስም ነበረው። ከቀሚስ ሥር ፍም ማኖር ምን ያህል ለቃጠሎ ቅርብ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ብዙዎቻችሁ ይህችን ሣጥን ሳታውቋት አይታችኋታል። በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም በሚገኘው፣ ቨርሜር በ1660 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በሣለው የወተት ቀጂዋ ሥዕል ላይ፣ በስተ ቀኝ ከግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ የሸክላ ሳህኗም በውስጧ ይታያል። ሩመር ቪስኸር በ1614 ባሳተመው የምሳሌያዊ ሥዕሎች መጽሐፍ ስቶፍን «የወይዛዝርት ወዳጅ» የሚል ስም ስለ ሰጣት፣ አንዳንድ ሊቃውንት በቨርሜር ሥዕል ውስጥም የፍቅር ናፍቆት ምልክት አድርገው ያነቧታል። ከኋላዋ ባለው ጡብ ላይ የፍቅር አምላክ የሆነው ኩፒድ መሣሉ ለዚህ ንባብ ድጋፍ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ተራ ነገር አያለሁ፦ ሴትዮዋ ቆማ እየሠራች ነው፤ በሣጥኗ የሚሞቅ ማንም የለም። «ምድጃ» ብሎ የተረጐመ ሰው ይህን ዝምታ ከአንባቢው ይሰውራል፤ ምክንያቱም አንባቢው ወተቱ የሚፈላበትን ቦታ ያየ ይመስለዋልና።

ወደ ቃሉ ልመለስ። በድሮ ደች «ስቶፍ» መጀመሪያ ሣጥን አልነበረም፤ የሚሞቅ ክፍል፣ በተለይም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነበር። በዜላንድ ከሥሩ ቀይ ቀለም የሚወጣለትን ተክል የሚያደርቁበት ትልቅ ቤት «ሜስቶፍ» ይባል ነበር። የጀርመንኛው «ሽቱበ» ዛሬም ክፍል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ስቶቭ» ደግሞ የሞቀ ክፍል ከመሆን ተነሥቶ ወደ ብረት ዕቃነት ወርዷል፤ እኛም ከዚያ ወስደን በየወጥ ቤታችን «ስቶቭ» እንላለን። እንግዲህ መታጠቢያ ቤቱን፣ ማድረቂያውን፣ ክፍሉንና የእግር ሣጥኗን የሚያገናኛቸው እሳቱ አይደለም፤ ሙቀቱ የተዘጋበት ቦታ መሆናቸው ነው። የእኛ ምድጃ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፦ እሳቱ የሚታይበት፣ ድስቱ የሚጣድበት፣ ቤተ ሰቡ ዙሪያውን የሚቀመጥበት ገላጣ ስፍራ ነው። ተማሪዬ የሳቀችው በትክክል ነበር።

እንዲህ ያለ መሳት በእኔ አልተጀመረም። ዴካርት በ1637 ባሳተመው ድርሳኑ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ያሰላሰለበትን የሞቀ ክፍል በማሞቂያው ስም ስለ ጠራው፣ ፈላስፋው ምድጃ ውስጥ ገብቶ እንደ ዋለ አድርገው የጻፉ አሉ።

ፈረንሳዮች ያችኑ የእግር ሣጥን «ሾፍሬት» ይሏታል፤ «ሾፌ» ማለትም ማሞቅ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣ ሌላ ቃል ከአዲስ አበባ መንገዶች አይጠፋም፦ ሾፌር፤ ቀድሞ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚቆሰቁስ ሰው ነበርና። ደች በቦታው ሲሰይም፣ ፈረንሳይኛ በሥራው ሰየመ። አማርኛ በዚህ ረገድ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል፤ «ማንደጃ» ከማንደድ፣ «ማሞቂያ» ከማሞቅ ወጥተዋል።

ታዲያ ምን እንበል? «ማንደጃ» ፍሙን ይዟል፤ ነገር ግን ከሰል የሚቀጣጠልበትና ጀበና የሚጣድበት ዕቃ ሆኖ ስለ ተለመደ እግርን ያርቃል። «የእግር ማሞቂያ» ትክክል ነው፤ ሆኖም የዛሬ አንባቢ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ያስባል። ቃሉን እንዳለ «ስቶፍ» ብሎ መተውም አለ፤ ይህ ለሊቃውንት ጽሑፍ ይበቃል፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ግን አይበቃም። እኔ አሁን በክፍል የምሰጠው ትርጉም «የእግር ማሞቂያ የፍም ሣጥን» ይላል። ረጅም ነው፤ ባልደረቦቼም ርዝመቱን ይነቅፉብኛል፤ ቢሆንም ሣጥኑም፣ ፍሙም፣ እግሩም አሉበት። ከእናንተ መካከል አጠር ያለ ያገኘ ካለ፣ አሁን ለጥያቄና ለአስተያየት በተመደበው ጊዜ ልስማው።