ካሣ ከመቀበል በፊት ውሉን ማስነበብ ይገባል

የማኅበር ገንዘብ የገባበት ሥራ ሲከስር «የተሰጠንን ካሣ እንቀበል ወይስ እንክሰስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ፣ በችኮላ መፈረም ሌላ ኪሳራ ያስከትላል።

በሆንግ ኮንግ የደረሰው፣ አገሩ ሩቅ ቢሆንም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የአሜሪካው ሌማን ብራዘርስ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ሲከስር፣ አስተማማኝ መስሏቸው «ሚኒቦንድ» የተባለውን ሰነድ የገዙ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። በሐምሌ ወር ሰነዱን የሸጡ 16 ባንኮች ከ65 ዓመት በታች ላሉት የዋናውን ገንዘብ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 70 በመቶ ለመመለስ ተስማሙ። የተቀበለ ባንኩን የመክሰስ መብቱን ይተዋል፤ ያልተቀበለ መብቱን ይዞ ይከራከራል።

በስምምነቱ ውስጥ ግን ከሰነዱ መያዣ ወደፊት ገንዘብ ከተገኘ ተጨማሪ እንደሚከፈል ተጽፎ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የመያዣው ጉዳይ እልባት ሲያገኝ፣ የአብዛኞቹ ድርሻ ከ85 እስከ 96.5 በመቶ ደረሰ።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ፦ አሁን የሚከፈለው ስንት ነው? በፊርማው የሚቀረው መብት የትኛው ነው? ኋላ የሚገኘው ገንዘብ የማን ይሆናል? መልሱንም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያስነብቡ፤ ገንዘቡ የአባላቱ ነውና።