ሱሃ ሲሞላ

ባሕር ያላቸው አገሮች ልጆቻቸውን ወደ ውሃ የሚያወርዱት በሞቃቱ ወራት ነው፤ በማዕበል ላይ ሲንሸራተት የወደቀውን የሚያወጣ ነፍስ አዳኝም ዳርቻው ላይ ይቆማል። በቢቸናና በሞጣ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ወንዝ በሚሞላበት ሰሞን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልጆች ከብት ይዘው ሱሃ ወንዝ ዳር ይውላሉ፤ ቤተሰብም ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ይገጥመዋል። ነፍስ አዳኙ እዚያ የተገኘው ሰው ነው።

የአካባቢው ወንዞች የሚነሱት ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ ነው። ላይ ሲዘንብ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የቢቸና ዙሪያ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃውን ወደ ወንዝ ይለቀዋል። ጠርቶ የቆየ ወንዝ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ደራሹ እየመጣ ነውና ከዳር መራቅ ነው።

ሰው ወንዝን የሚፈራው በጥልቀቱ ነው። በበትር ለክቶ «ከጭን አያልፍም» ካለ ይገባል። የሚጥለው ግን ፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ እስከ ጭኑ የገባን ጎልማሳ የሚገፋው በግምት በ10 ኪሎ ሸክም ልክ ነው። ያው ውሃ በሰከንድ 3 ሜትር ሲሮጥ ወደ 90 ኪሎ ይደርሳል፤ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ውሃ ሰውን ያቀልለዋል። እስከ ወገቡ የገባ ሰው እግሩ መሬቱን የሚጫንበት ክብደት በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ግፊቱ በሚበረታበት ሰዓት መቆሚያው ይከዳዋል። እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በከንቱ አይደለም።

የተወሰደ ሰው ለመቆም ባይታገል ይሻለዋል፤ እግሩ በድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ጅረቱ በላዩ ይሄድበታል። በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ውሃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ ዘርግቶ፣ ሰያፍ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይጠጋ።

ዳር ላይ ያለውስ? እዚህ ላይ ሰባራ ድልድይ ትዝ ይላል። ከሞጣ ወደ ጎንደር ያሻግር የነበረው ይህ የአፄ ፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ፣ መንገደኛው ገመድ ታጥቆ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። በአየር ላይ ገመድ የሚሸከመው የሰውየውን ክብደት ብቻ ስለሆነ ወገብ ላይ ማሰሩ ያዋጣል። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ግን የታሰረውን ሰው ጅረቱ ከላይ እየተጫነ ያሰምጠዋል። ስለዚህ አዳኙም ተወሳጁም ገመዱን በእጅ ይያዙት እንጂ አይታጠቁት። አዳኙ ከዳር ሳይነቃነቅ ጫፉን አጥብቆ ከያዘ፣ ጅረቱ ራሱ ሰውየውን ወደ ዳር ያዞረዋል። ገመድ ከሌለ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ይወርወር፤ ባለ 20 ሊትሩ ጭንቅላትን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከበቂ በላይ ነው። ዘሎ መግባት ጀግንነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለቅሶውን ሁለት ያደርገዋል።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ብዙዎቹ አይጮሁም፤ ለመተንፈስ የሚታገል አፍ ለጩኸት ፋታ የለውም። ዝም ብሎ ቀጥ ያለ፣ አፉ ከውሃው ወለል ብቅ ጥልቅ የሚል ልጅ እየተጫወተ ሊመስል ይችላል።

የሰጠመው ሰው ከወጣ በኋላ በእግር ዘቅዝቆ ማወዛወዝና ሆድ መጫን ይቅር፤ ትውከቱን ወደ ሳንባው ይመልሰዋል፤ አንጎሉ አየር ሳያገኝ የሚቆይባቸው ደቂቃዎችም ይባክናሉ። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ መጀመሪያ በአፉ ትንፋሽ መስጠት ነው፤ ቀጥሎ ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ እስኪነቃ ወይም ሐኪም እስኪደርስ መቀጠል። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያው ቀን ሞጣ ወይም ቢቸና ሆስፒታል ይታይ፤ የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።