በፀሐይ አገር የፀሐይ ረኃብ

አዳማን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ፀሐይዋን ነው። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ዝዋይ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ ሰው ጥላ ይፈልጋል እንጂ ፀሐይ አጣሁ ብሎ አያማርርም። እንግዲህ የአዳማ ልጆች የፀሐይ ረኃብ አለባቸው ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የኢትዮጵያና የካናዳ ተመራማሪዎች በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 174 ልጆችን ደም መርምረው፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 18 ዓመት ከነበሩት ከእነዚህ ልጆች መካከል፣ ከመቶው 42ቱ ቪታሚን ዲ ጎድሏቸው ተገኙ። ይልቁንም የሚያስደንቀው የከተማውና የገጠሩ ልዩነት ነው፤ በገጠር ከመቶ 21 ያህል ሲሆኑ፣ በከተማ ግን ወደ 62 ይደርሱ ነበር።

ምክንያቱን ለማስተዋል የቪታሚኑን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቪታሚን ዲን ከምግብ የምናገኘው በጥቂቱ ነው፤ ዓሣ፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ካልሆኑ በቀር በብዛት የሚሰጥ ምግብ የለም። ዋናው ፋብሪካ የገዛ ቆዳችን ነው። አልትራቫዮሌት የተባለው ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ገላን ሲነካ ቪታሚኑ በዚያው ይሠራል። ቪታሚኑን የሚሠራው የዚህ ጨረር ክፍል ግን በመስኮት መስተዋት አያልፍም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ ብርሃኑንና ሙቀቱን ያገኛል እንጂ ቪታሚኑን አያገኝም። ከብት ሲያግድ የሚውለው ልጅና በቴሌቪዥን ፊት የሚውለው ልጅ በአንድ ፀሐይ ሥር ቢኖሩም፣ ድርሻቸው እኩል አይደለም።

ጉድለቱ ቀላል ነገር አይደለም። «ምች ይመታዋል፣ ሰው ያየዋል» እየተባለ ተጠቅልሎ በቤት የሚያድግ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሐኪሞች ይህን ሪኬትስ ይሉታል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አድርገው በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቪታሚን ዲ ስም ከደም ነቀርሳ ጋር መነሣት ጀምሯል። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክና በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ 983 የሊምፎማ ሕሙማንን የተከታተሉ ሐኪሞች በ2010 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፣ ፈጥኖ በሚያድገውና በብዛት በሚታየው የሊምፎማ ዓይነት ከተያዙት መካከል፣ ቪታሚኑ ያነሳቸው ሰዎች የመሞት አደጋ ካላነሳቸው ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቀስ ብሎ በሚሄድ የሉኪሚያ ዓይነት በተያዙ 390 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያማ ቪታሚኑን ብንሰጠው ይድናል» ማለቱ አይቀርም። ዳሩ ግን ምልክትና ምክንያት አንድ አይደሉም። የብርቱካን ቅጠል ሲገረጣ ሥሩ መታመሙን ያመለክት ይሆናል፤ ቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም ቢቀቡት ግን ሥሩ አይድንም። በጠና የታመመ ሰው ከቤት አይወጣም፣ ምግብም አይበላለትም። ስለዚህ ቪታሚኑ ያነሰው በሽታው ስለ ከበደ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን የሚለየው ፈተና ብቻ ነው። በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መሪነት፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሊምፎማ ያለባቸው ሕሙማን ከመድኃኒታቸው ጋር ለአንዳንዶቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ፣ ለቀሩት መልኩ ብቻ የሚመስል ባዶ ክኒን በዕጣ ተሰጣቸው። ቪታሚኑ በሽታውን በማገድ ረገድ ብልጫ አላሳየም። ከዚህም ቀደም ሲል 25,871 ጤነኛ አሜሪካውያን በተካፈሉበት ሌላ ታላቅ ፈተና፣ ቪታሚኑ ነቀርሳ እንዳይዝ አልተከላከለም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በአገራችን የደም ነቀርሳ የያዘው ሰው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲታከም፣ መንገዱና ወጪው ያደክመዋል። በዚያን ጊዜ «ፀሐይ ሙቅ፣ ቪታሚን ዋጥ፣ ይበቃሃል» የሚል ወዳጅ ቢመጣ ለመስማት ይቸኩላል። ነገር ግን ለአንደኛው የሉኪሚያ ዓይነት የሚሰጠው ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ስንቱን ሰው ለብዙ ዓመት በሕይወት ያቆየ መድኃኒት ነው፤ ይህን አቋርጦ በቪታሚን መተካት ራስን ለሞት መስጠት ነው። ቪታሚኑም ያለ ልክ ሲወሰድ በደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሕመምተኛው ደሙን አስመርምሮ፣ ጎድሎት ከተገኘ ሐኪሙ በሚያዝዘው መጠን ለአጥንቱ ጤና ይውሰድ፤ ዋናውን መድኃኒት ግን አንድ ቀን እንኳ በራሱ ፈቃድ አይተው።

ጤነኞቹስ? ለእነርሱ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። እናቶች ሕፃናትን እጅና እግራቸውን ገልጠው ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ያሳዩአቸው፤ ቆዳቸው እስኪቃጠል ግን አይደለም። ፀሐይ ፈጥኖ የሚጎዳው አልቢኖ የሆነ ልጅ ደግሞ በሐኪም ምክር ይጠበቅ። እኛም መምህራን የዕረፍቱን ደወል ለማስታወሻ መገልበጫ አናውለው፤ ልጆቹ ወደ ሜዳው ይውጡና ይሩጡ።