ብርቱካንማው ቀለም ቫይታሚን ኤ የሚሆንበት መንገድ

በ1831 ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪሽ ቫከንሮደር ከካሮት ሥር ብርቱካንማ ቅንጣት ለይቶ አወጣ፤ ካሮቲን የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። በ1907 ሪቻርድ ቪልሽቴተር ሞለኪውሉ 40 የካርቦንና 56 የሃይድሮጅን አቶሞች እንዳሉት አሳየ። ቀለሙ ከምግብነት ጋር ያለው ዝምድና ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በ1919 አሜሪካዊው ሃሪ ስቲንቦክ ቢጫ በቆሎ ቫይታሚን ኤን ሲሰጥ ነጩ እንደማይሰጥ አስተዋለ። ነገሩን ያወሳሰበው ቀለም የለሽ ሊባሉ የሚችሉ የጉበት ዘይቶችም በዚሁ ቫይታሚን የበለጸጉ መሆናቸው ነው። በ1930 ቶማስ ሙር በካምብሪጅ ካሮቲን የተመገቡ አይጦች ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኤ መከማቸቱን አሳየ፤ ቀለሙ ራሱ ቫይታሚን ሳይሆን የቫይታሚኑ ጥሬ ዕቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፓውል ካረር የሁለቱንም አወቃቀር በዙሪክ ፈታ፤ በ1937ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ።

የቤታ ካሮቲን ሞለኪውል ረጅም ሰንሰለት ሲሆን በሁለቱም ጫፎቹ ቀለበት አለው። በሰንሰለቱ ላይ ነጠላና ድርብ ትስስሮች ይፈራረቃሉ፤ በቀለበቶቹ ያሉትን ጨምሮ ድርቦቹ 11 ናቸው። ይህ መፈራረቅ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያላቅቅ ሞለኪውሉ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ለዓይናችን የሚተርፈው ብርቱካንማው ነው። በትንሹ አንጀት ያለ ኢንዛይም በኦክስጅን እርዳታ ሰንሰለቱን ከመሃል ሲቆርጠው ሁለት ሬቲናል ይገኛል፤ ይህም ወደ ሬቲኖል፣ ማለትም ወደ ቫይታሚን ኤ፣ ተለውጦ በጉበት ይቀመጣል። ሬቲኖል የቀሩት ድርብ ትስስሮች አምስት ብቻ ስለሆኑ የሚውጠው ብርሃን ዓይን ወደማያየው አልትራቫዮሌት ይሸሻል። የጉበት ዘይቱ ቀለም የጎደለው ለዚህ ነው።

ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒንም 11 ተፈራራቂ ድርብ ትስስሮች አሉት፤ ጫፎቹ ላይ ቀለበት ስለሌለ ግን ቫይታሚን ኤ አይወጣውም። አልፋ ካሮቲንና ቤታ ክሪፕቶዛንቲን ተስማሚው ቀለበት በአንድ ጫፋቸው ብቻ ስላለ የሚሰጡት ግማሹን ነው። ስለዚህ የምግብ መድመቅ ብቻውን ለቫይታሚኑ ዋስትና አይሆንም።

ሬቲናል በዓይን ውስጥ ኦፕሲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ ጎብጦ ይቀመጣል። ብርሃን ሲያርፍበት ይቃናል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ምልክት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጆርጅ ዋልድ ለዚህ ሥራው በ1967 ኖቤል ተጋርቷል። ቫይታሚኑ ሲጎድል ቀድሞ የሚታየው ዳፍንት ነው፤ ጉድለቱ ከባሰ የዓይን ብሌን ሽፋን ደርቆ ዓይን ይጠፋል።

በወረቀት ላይ አንድ ሞለኪውል ሁለት ቫይታሚን ቢሰጥም በገበታ ላይ ስሌቱ ይለያል። አንድ ማይክሮግራም ሬቲኖል ለማግኘት ከምግብ 12 ማይክሮግራም፣ በዘይት ከሟሟ ደግሞ ሁለት ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን ያስፈልጋል። ቀለሙ በቅጠላ ቅጠል ሴሎች ውስጥ ታስሮ ስለሚገኝና የሚሟሟው በስብ ስለሆነ፣ በቅቤ ወይም በዘይት የተቁላላ ጎመን ከጥሬው ይሻላል። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ያከስረዋል፤ ቀለሙን የሚፈጥሩት ድርብ ትስስሮች ለብርሃንና ለኦክስጅን ይጋለጣሉ።

ሰውነት በቂ ቫይታሚን ሲያገኝ ቆረጣውን ይቀንሳል፤ ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ቢሆን እንጂ እንደ ሬቲኖል እንክብል አይመርዘውም። ይህ ግን ቤታ ካሮቲንን በእንክብል መልክ ለሁሉም ደኅና አያደርገውም፦ በ1994 ይፋ በሆነ የፊንላንድ ጥናት በቀን 20 ሚሊግራም በወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሯል።

ዛሬ የዘርፉ ትኩረት ወደ እርሻ አዘንብሏል። ቤታ ካሮቲን የሚያመርት ሩዝ በ2000 ይፋ ሆነ፤ ብርቱካንማ ስኳር ድንችን ያስፋፉ ተመራማሪዎችም የ2016ን የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። ድንቹ በደቡብ ኢትዮጵያም ይመረታል። የእንዲህ ያለው ሰብል ዋጋ የሚለካው ግን በሥሩ ድምቀት ብቻ ሳይሆን፣ ከተቀቀለና ከስብ ጋር ከተበላ በኋላ ወደ ተመጋቢው ደም በሚገባው መጠን ነው።