ሳይንቶሎጂ፦ መግባቱ ለምን ይጥማል? መውጣቱስ ለምን ይከብዳል?

እስቲ ከማታውቁት ሰው ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ገደማ ርቃችሁ እንደተቀመጣችሁ አስቡ። ሥራችሁ ሳትስቁ፣ ሳትናገሩ፣ ዓይናችሁን ሳትሰብሩ ሰውየውን ማየት ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ከጓደኛችሁ ጋር አምስት ደቂቃ ሞክሩትና ታዩታላችሁ። ሳይንቶሎጂ ለጀማሪዎች ከሚያሠራቸው ልምምዶች አንዱ ይሄ ነው።

ይህን እምነት የመሠረተው አሜሪካዊው የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ ኤል. ሮን ሀባርድ ነው። በ1950 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዳያኔቲክስ የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ያለፉ ሕመሞች አእምሮ ውስጥ ተቀርፀው ይቀራሉ፤ ዛሬ የሚያስፈሩንና የሚያስጨንቁን እነሱ ናቸው የሚል ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አልተቀበሉትም፤ በሙከራም አልተረጋገጠም። እሱ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩን ሃይማኖት አደረገው።

ታዲያ ሰውን ምን ይስበዋል? ትልቁ ነገር ኦዲቲንግ የሚባለው ነው። አባሉ በሁለት እጁ ሁለት የብረት ጣሳዎች ይይዛል፤ ጣሳዎቹ ኢ-ሜትር ከሚባል መሣሪያ ጋር ተያይዘዋል። ኦዲተሩ ይጠይቃል፣ የመሣሪያውን መርፌ ያያል፣ ይጽፋል። መርፌው የሚንቀሳቀሰው ቆዳ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ሲለዋወጥ ነው፤ ስንደነግጥ ሲያልበን፣ ጣሳውን ጠበቅ ስናደርግ ይለዋወጣል። ሐሳብ አያነብም። በ1971 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት መሣሪያው በሽታ እንደማይመረምርና እንደማያድን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ወስኗል።

ለአባሉ ግን ዋናው መርፌው አይደለም። አንድ ሰው ሳያቋርጠው፣ ሳይፈርድበት፣ ለሰዓታት ያዳምጠዋል። እስቲ እናንተን እንዲህ ያዳመጣችሁ ሰው ማን ነው? ብዙዎች ቀለል ብሏቸው የሚወጡት ለዚህ ይመስለኛል። ከንስሐ ጋር ይመሳሰላል ልትሉ ትችላላችሁ፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚህ የተነገረው ምስጢር ተጽፎ በአባሉ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ አገልግሎቱም ይከፈልበታል።

ከዚያ መሰላሉ አለ። አንዱን ኮርስ ስትጨርሱ ሌላ ይከተላል፤ የመጨረሻው ደረጃ የሚሰጠው ፍሪዊንድስ በተባለች መርከብ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ብዙ ሺህ ዶላር ይወጣል። ኮርስ የጨረሰ ሰው ያገኘውን ጥቅም ይጽፋል፣ በሰው ፊትም ይናገራል፤ ይጨበጨብለታል። የራሳቸው ቃላትም አሏቸው፤ ሲቆይ አባሉ ከውጭ ሰው ይልቅ ከውስጡ ጋር በቀላሉ ይግባባል።

አሮንሰንና ሚልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 ያወጡት ጥናት እዚህ ይጠቅመናል። የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ወደ አንድ የውይይት ቡድን ለመግባት ፈተና ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ ቀላል፣ ለሌሎቹ በጣም የሚያሳፍር። ከዚያ ሁሉም ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ ውይይት ሰሙ። ውይይቱን ይበልጥ የወደዱት ማን ይመስላችኋል? ያፈሩት። ብዙ የከፈልንበትን ነገር «ከንቱ ነበር» ማለት ይከብደናል። (ይሄ ሳይንቶሎጂ ላይ ብቻ አይሠራም፤ ዩኒቨርሲቲም፣ የእግር ኳስ ቡድንም ውስጥ አለ።)

ከባዱ ነገር የሚመጣው አባሉ መጠራጠር ሲጀምር ነው። ድርጅቱ ጠላቴ ነው ብሎ ከፈረጀው ሰው ጋር አባላት ግንኙነት ያቋርጣሉ፤ እናት ከልጅ፣ ወንድም ከእህት። ድርጅቱ ይህ የእያንዳንዱ ሰው የግል ምርጫ ነው ይላል። የወጡ ብዙ ሰዎች ደግሞ ተገደን ነበር ይላሉ። እንደ እኔ፣ ጓደኛችሁ፣ አሠሪያችሁና የትዳር አጋራችሁ ሁሉ ከአንድ ቤት ከሆኑ «ምርጫ» የሚለው ቃል ይጠባል።

ተዋናይት ሊያ ረሚኒ በ2013 ስትወጣ እናቷና እህቷ አብረዋት ወጡ። ሁሉም እንዲህ አይቀናውም። እምነቱ ካለቀባቸው በኋላም ዝም ብለው የቆዩ አሉ፤ ኮርስ ይገባሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይመለሳሉ። ከወጡ ልጃቸው ስልክ እንደማያነሳላቸው ያውቃሉ።