ያውቁ ኖሯል? «ፕሉቶ መደረግ»

በእንግሊዝኛ «ፕሉቶ» ግስም ሆኖ ያውቃል። ትርጉሙ ሰውን ወይም ነገርን ከነበረበት ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው።

ፕሉቶን በ1930 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሜሪካዊው ክላይድ ቶምቦ ሲሆን፣ ስሙን ያቀረበችው የ11 ዓመቷ እንግሊዛዊት ቬኒሺያ በርኒ ናት። ተማሪ ሁሉ ዘጠነኛዋ ፕላኔት ብሎ ሲሸመድዳት ኖረ። በ2005 ግን ኤሪስ የተባለች፣ በስፋት ከእሷ ጋር የምትቀራረብ አካል ተገኘችና ጣጣ መጣ፤ ወይ ኤሪስም ፕላኔት ትባል፣ ወይ ፕሉቶ ትውረድ!

ኦገስት 24 ቀን 2006 ፕራግ ላይ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት ድምፅ ሰጡ። ፕሉቶ ፀሐይን ትዞራለች፤ ክብም ናት። ምሕዋሯን ከሌሎች አካላት አላጸዳችም ተብላ ግን «ድንክ ፕላኔት» ሆነች። (ብዙዎቹ የኅብረቱ አባላት በጉባኤው ስላልነበሩ ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም።)

በጃንዋሪ 2007 የአሜሪካ ዲያሌክት ማኅበር «ፕሉቶድ»ን፣ ማለትም «ፕሉቶ የተደረገ» የሚለውን፣ የ2006 የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው።

ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር የቶምቦን አመድ ጥቂት ይዛ ወደ ፕሉቶ የተነሣችው ከውሳኔው ሰባት ወር ቀድማ ነበር። በ2015 በአጠገቧ ስታልፍ ፕሉቶ ድንክ ከተባለች ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነበር።