በእንተ ማሖል፤ ኀዘን ወደ ዘፈን ስለ መለወጡ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት

ቅዱስ ዳዊት በ29ኛው መዝሙር፥ በዕብራይስጥ አቈጣጠር በ30ኛው፥ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ልቅሶው እንደ ተለወጠለት ይናገራል። ወደ ምን ተለወጠ ቢሉ፥ ዕብራይስጡ ወደ «ማሖል» ይላል፤ ማሖል ማለት ዘፈን ነው። ዘፈን ያልነውም እንደ ግዕዙ ልማድ በእግር የሚረገጠውን ነው እንጂ በአፍ የሚዜመውን ብቻ አይደለም።

ዘፈን ለታመመ ምን ይረባዋል ቢሉ፥ ከ1772 እስከ 1810 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የነበረው የብራስላቭ መምህር ራቢ ናሕማን እንዲህ አስተምሯል። ደዌ የሚመጣው ደስታ ሲጐድል ነው፤ ደዌ በዕብራይስጥ «ማሐላ» ይባላል፤ የእኛ መሐላ አይደለም። ማሖልና ማሐላ በሥራቸው ቢለያዩም በድምፅ ስለሚቀራረቡ፥ አንዱ የሌላው መድኃኒት መሆኑን በዚህ አመለከተ። ሁለተኛም በምሳሌ አስረዳ። ሰዎች ክብ ሠርተው ሲዘፍኑ አንድ ያዘነ ሰው በውጭ ቆሞ ያያቸዋል፤ እጁን ይዘው ሳይወድ በግድ ወደ መካከል ያገቡታል። ምሥጢሩም፥ ኀዘን ቢያባርሩት በደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወደ ክቡ ቢያገቡት ግን እርሱ ራሱ ደስታ ይሆናል ማለት ነው።

ከእርሱ አስቀድሞ በ1204 ያረፈው ሐኪሙ ራቢ ሙሴ ወልደ ማይሞን፥ ጥቁር ሐሞት የጸናበት ሰው ዜማና የዜማ ዕቃ በመስማት፥ በአታክልት ስፍራም በመመላለስ ያርቀው ብሎ ጽፏል።

አንድም፥ ዘፈን የኅፍረት ፈውስ ነው። በሚሽና እንደ ተጻፈ የኢየሩሳሌም ቈነጃጅት በአብ ወር በ15ኛው ቀንና በማስተስረያ ቀን ነጭ ልብስ ለብሰው በወይን ቦታ ይዘፍኑ ነበር። ልብሱ ሁሉ የውሰት ነበር፤ ምነው ቢሉ፥ የሌላት እንዳታፍር ነው። ታልሙድም የንጉሥ ልጅ ሳትቀር ከሊቀ ካህናቱ ልጅ ትዋስ እንደ ነበረ ይናገራል። በክብ ራስና እግር የለም፤ ሁሉም እኩል ነው። የሳኦል ልጅ ሜልኮል ግን ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ በውጭ የቀረች እርስዋ ናት። የእኛም ካህናት በታቦት ፊት ሲያሸበሽቡ የዳዊትን ሥራ ይከተላሉ።

እንግዲህ ያዘነ ሁሉ ወዲያው ይዝፈን ማለት ነውን ቢሉ፥ አይደለም። ሰሎሞን በመክብብ ለልቅሶ ጊዜ፥ ለዘፈንም ጊዜ እንዳለው አስተምሯል። በአይሁድ ሥርዓት ወላጁ የሞተበት 12 ወር፥ ሌላ የቅርብ ዘመድ የሞተበት 30 ቀን ከግብዣና ከዘፈን ይርቃል፤ ከዚህ ውስጥ 7ቱን ቀን በቤቱ ተቀምጦ ያለቅሳል። ልቅሶ ስፍራውን ሳያገኝ የሚዘፈን ዘፈን ፈውስ አይሆንም። ዘፈንም ሁሉ የተወደደ አይደለም፤ ሙሴ ከተራራው ሲወርድ በጥጃው ፊት የተዘፈነውን አይቶ ጽላቱን ሰብሯልና። የዘፈን መድኃኒትነቱ በማን ፊት እንደሚዘፈን ነው።

ራቢ ናሕማን ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ38 ዓመቱ በኡማን ከተማ ዐረፈ። ዘፈኑ አላዳነውም እንዴ ቢሉ፥ ፈውስ ሁለት ነው፤ አንዱ ደዌ ከሥጋ መራቁ፥ ሁለተኛው ሰው በደዌው ውስጥ ሳለ ብቻውን አለመቅረቱ ነው። የመጀመሪያው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ሁለተኛውን ግን ለባልንጀራችን እንድናደርገው ለእኛ ሰጥቶናል። ስለዚህ ወገኖቼ፥ የልቅሶው ወራት አልፎ ዛሬም በውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ብታዩ፥ ራሱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እጁን ይዛችሁ አግቡት።